ድምፅ የሌለው ቁጣ

እሾህ የወጋው እግር በማግስቱ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ሲነኩት ሲያቃጥል እናቶቻችን አይተው «ቁስሉ ተቆጥቷል» ይላሉ። ችላ ከተባለ ያመረቅዛል፣ መግል ይቋጥራል። የሕክምና መጻሕፍት ይህንኑ «ብግነት» ይሉታል። ቃሉ ልክ ነው፤ እኔ ግን «ቁጣ» ይሻለኛል፣ ምክንያቱም ቁጣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጮሆ፣ በር ወርውሮ ዘግቶ፣ ማታ የሚበርድ ነው። ሌላው ፊት ላይ ሳይታይ ዓመታት ሙሉ ውስጥ ውስጡን የሚብላላ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ነው፦ ሐኪሞች እንዴት ደረሱበት፣ ከምንበላው ጋር ማን አገናኘው፣ ግንኙነቱስ ምን ያህል ይታመናል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ፣ እንጀራዬም ሶፍትዌር ነው። እዚህ ጉዳይ ውስጥ የከተተኝ አባቴ ነው። አባቴ ስኳር አለበት፤ ለዓመታት ሜትፎርሚን ይወስዳል። ባለፈው ክረምት በቴሌግራም አንድ መልእክት ደረሰው፦ እርድ፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ በማር ተለውሶ ጠዋት በባዶ ሆድ ሲወሰድ «ብግነትን ከሥሩ ይነቅላል፣ ከክኒን ያላቅቃል» የሚል። «አንተ ኮምፒውተሩን ታውቅበት የለ፣ እስቲ ይቺን ነገር አጣራልኝ» አለኝ። ክኒኑን ሊያቆም እንደቋመጠ ከድምፁ ያስታውቃል። «አባዬ፣ እስካጣራ እንዳታቆም» አልኩት። እሺ አለ፤ ግን አባቴ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ «ሐኪም ብሏል» የሚል መልስ አይበቃውም። ስንት ሰው ላይ ተሞከረ? ለስንት ጊዜ? ከማን ጋር ተነጻጽሮ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዤ ወደ ኋላ መሄድ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ሮማዊውን ሴልሰስን ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የብግነትን ምልክቶች አራት ብሎ ቆጠራቸው፦ መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋል፣ ሕመም። ዝርዝሩ እጅግ ጥሩ ስለነበር የሕክምና ተማሪ ዛሬም ይሸመድደዋል። ችግሩም ከዚሁ ይመስለኛል። አንድ ነገር የሚታወቀው በዐይን በሚታይና በእጅ በሚዳሰስ ምልክት ከሆነ፣ የማይታየውን ማን ይፈልገዋል? በኛ ሙያም እንዲሁ ነው፤ ሲስተሙ ሲወድቅ ብቻ የሚጮህ ማንቂያ ከተከላችሁ፣ ለወራት በትንሽ በትንሹ ሜሞሪ የሚያፈሰውን ፕሮግራም አታዩትም።

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሁለት ታላላቅ ሰዎች የሬሳ ደም ሥር ከፍተው አንድ ዓይነት ነገር አዩ። የደም ቧንቧው ግድግዳ ላይ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ቅባታም ነገር ተለጥፏል። በሕክምና «አቴሮማ» ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ በእኛ ገንፎ ማለት ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። የቪየናው ካርል ፎን ሮኪታንስኪ ገንፎው ከደም ወጥቶ እዚያ የተለጠፈ ዝቃጭ ነው፣ ቁጣው የሚከተለው በኋላ ነው አለ። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾ ደግሞ የለም፣ ግድግዳው ራሱ ተቆጥቷል፣ ገንፎው የቁጣው ውጤት ነው አለ። ማለትም ጥያቄው የቧንቧ መደፈን ነው ወይስ የግድግዳ መታመም የሚል ነበር። መልሱ መቶ ሃምሳ ዓመት ፈጀ፤ አሁንም ቢሆን ሁለቱም ከፊል ልክ ነበሩ ነው የሚባለው።

ክርክሩን ለረጅም ጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለው ጥንቸል ነው። በ1913 በሴንት ፒተርስበርግ ኒኮላይ አኒችኮቭ ከባልደረባው ከሴምዮን ካላቶቭ ጋር ኮሌስትሮል በሱፍ ዘይት አሟሙቶ ለጥንቸሎች መገበ፤ የጥንቸሎቹም ደም ሥር ገንፎ ያዘ። ንጹሕ፣ ደግሞ ሊሠራ የሚችል ሙከራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ፤ አኒችኮቭ በማይክሮስኮፑ ስቡን ብቻ አይደለም ያየው። ነጭ የደም ሴሎችም ወደ ግድግዳው ገብተው፣ ስቡን ውጠው፣ እንደ አረፋ አብጠው አይቷል፣ ጽፏልም። ነጭ የደም ሴል ማለት የቁጣው ወታደር ማለት ነው። ሁለቱም ነገር እዚያው ወረቀት ላይ ነበር። ዓለም ግን ስቡን አንብቦ ወታደሮቹን ረሳቸው።

በ1930 ኒውዮርክ፣ ሮክፌለር ኢንስቲትዩት ሆስፒታል ውስጥ ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ ስለ ልብ አያስቡም ነበር። ሥራቸው የሳንባ ምች ነው። የበሽተኞቹን ደም ከባክቴሪያው ከተወሰደና «ሲ» ብለው ከሰየሙት ንጥረ ነገር ጋር ሲቀላቅሉት ይረጋል፤ በሽተኛው ሲያገግም መርጋቱ ይቀራል። ደሙ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን በኋላ «ሲአርፒ» አሉት። የሚሠራው ጉበት ነው። ሰውነት ሲቆጣ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፣ ከባድ ኢንፌክሽን ሲሆን ሺህ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ላቦራቶሪ ሄዳችሁ የሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ ያለው ሲአርፒ ይኸው ነው። ለሰባ ዓመት ገደማ ሐኪሞች ያዩት የነበረው ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው። ትንሹ ቁጥር፣ ከአንድ ወደ ሦስት የምትለው፣ «ጤነኛ» ተብላ ትታለፍ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሀብታሞቹ አገሮች ሌላ መቅሰፍት ገጠማቸው። ጠንካራ የሚባሉ ጎልማሶች በልብ ድካም ይወድቁ ጀመር። በመስከረም 1955 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ራሳቸው ታመሙ፤ አገሩ ሁሉ ስለ ደም ሥር ማውራት ያዘ። የሚኒሶታው አንሴል ኪስ ከ1958 ጀምሮ በሰባት አገሮች 12,763 ወንዶችን መዝግቦ መከታተል ጀመረ፦ አሜሪካ፣ ፊንላንድ፣ ኔዘርላንድ፣ ጣሊያን፣ ዩጎዝላቪያ፣ ግሪክ፣ ጃፓን። ምሥራቅ ፊንላንድ ውስጥ ወንዱ በልብ ሕመም እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ የግሪኳ የቀርጤስ ደሴት ገበሬዎች ግን በዚህ በሽታ አይሞቱም ለማለት ይቻላል። የወይራ ዘይት፣ ጥራጥሬ፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ ዳቦ፣ ጥቂት ሥጋ። «የሜዲትራኒያን አመጋገብ» የሚባለው ስም የተተከለው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የቀርጤስ ገበሬ ኦርቶዶክስ ነው። ይጾማል። ከምግብ ጥናቱ ዙሮች አንዱ የተካሄደው በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር። በ2005 ከቀርጤስ ተመራማሪዎች ሁለቱ «የወይራ ዘይቱ ነው፣ አመጋገቡ ነው ወይስ ጾሙ?» የሚል ጥያቄ አንሥተው ጻፉ። ከተጠኑት ሰዎች ብዙዎቹ ያን ጊዜ ጾመኞች እንደነበሩ፣ ይህ ግን በሒሳቡ ውስጥ እንዳልገባ አመለከቱ። ዓለም የወይራ ዘይቱን ጠርሙስ ገዛ፤ የጾሙን ወራት ግን ማንም አልገዛም፣ የሚሸጥ ነገር የለውማ። የኛ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በዓመት ከግማሽ ያላነሰ ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይከለከላል፤ ካህናቱ ደግሞ ከዚያ በላይ። ይህን የምጽፈው «እኛ ቀድመን እናውቀው ነበር» ለማለት አይደለም። ቦምቦሊኖም የጾም ነው። ለስላሳም የጾም ነው። ጾም ምን እንደማይበላ እንጂ ምን እንደሚበላ አይናገርም።

የኪስ ጥናት ማየት እንጂ መሞከር አልነበረም። ሙከራው ከፈረንሳይ መጣ። በሊዮን ከተማ ሚሼል ደ ሎርዠሪልና ሰርዥ ረኖ አንድ ጊዜ ልባቸው ተመትቶ የተረፉ 605 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን የተለመደውን የሐኪም ምክር፣ ሌላው የቀርጤስን ዓይነት ምግብ ከልዩ ማርጋሪን ጋር ወሰደ። በ1994 ውጤቱን ሲያወጡ፣ በአማካይ 27 ወር ከተከታተሉ በኋላ፣ በልብ የሞቱት ከነባሩ ወገን 16፣ ከአዲሱ 3 ነበሩ። ቁጥሩ ለአባቴ ስነግረው «ትንሽ ናሙና ነው» አለ፣ ወዲያው። ልክ ነው፣ ትንሽ ነው፤ ቀድሞም የተቋረጠ ሙከራ ነው፣ ቀድሞ የሚቋረጥ ሙከራ ደግሞ ውጤቱን የማጋነን ጠባይ አለው። እኔን ግን ሌላ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። የሁለቱ ወገኖች ኮሌስትሮል አንድ ዓይነት ነበር። ሰዎቹ የዳኑት ኮሌስትሮላቸው ወርዶ ካልሆነ በምን ነው?

መልሱ ከማይጠበቅ ቦታ ብቅ ማለት ጀምሮ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1993፣ ቦስተን ላይ ቱርካዊው ጎክሃን ሆታሚሽሊጊልና ባልደረቦቹ የወፈሩ አይጦችን ስብ መረመሩ። እስከዚያ ድረስ ስብ ማለት ጎተራ ነበር፤ ትርፍ ሲኖር የሚሞላ፣ ችግር ሲመጣ የሚራገፍ። እነሱ ያገኙት ግን ስቡ ራሱ ቲኤንኤፍ የሚባለውን የቁጣ መልእክት እንደሚረጭ ነው፤ መልእክቱ ሲታፈን የአይጦቹ ሰውነት ኢንሱሊንን መልሶ መስማት ጀመረ። በ2003 ደግሞ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች በወፈረ ስብ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ሰፍረው ተገኙ አሉ። ጎተራው ውስጥ ጦር ሰፍሯል ማለት ነው። ያው መድኃኒት ለጥቂት የስኳር ሕመምተኞች ሲሰጥ ግን እንደ አይጦቹ አልሆነም። ይህን የማነሣው አይጥ ላይ የሠራ ነገር ሁሉ ሰው ላይ የሚሠራ መስሎት «ከሥሩ ይነቅላል» የሚል ሰው ስለበዛ ነው።

ትንሿን ቁጥር ያነሣት ሰው የቦስተኑ ሐኪም ፖል ሪድከር ነው። ሃያ ሁለት ሺህ ገደማ ወንድ ሐኪሞች የተሳተፉበት የአስፒሪን ጥናት ነበር፤ ገና ጤነኛ ሳሉ ደማቸው ተቀድቶ በረዶ ቤት ተቀምጧል። ሪድከር በኋላ ልባቸው የተመታውንና ያልተመታውን እያጣመረ የድሮ ደማቸውን አወጣ። በ1997 ያሳተመው ውጤት ይህ ነው፦ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ጤነኛ ነኝ ብሎ ሲመላለስ፣ ሲአርፒው ከሁሉ ከፍ ካለው ሩብ ውስጥ የነበረ ሰው፣ ዝቅ ካለው ሩብ ይልቅ ለልብ ድካም ሦስት እጥፍ ተጋላጭ ነበር። አስፒሪኑም ይበልጥ የጠቀመው ሲአርፒው ከፍ ያለውን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ራስል ሮስ የደም ሥር መጥበብ የብግነት በሽታ ነው ብሎ በርእሱ ጻፈ። ፊርኾ ከመቃብር ፈገግ ሳይል አልቀረም።

እንግዲህ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው እዚህ ጋ ጆሮው ይቆማል። ሲአርፒ ምንድን ነው፣ ስህተቱ ነው ወይስ የስህተቱ መዝገብ? መዝገቡን ብታጠፉት ስህተቱ አይጠፋም። ጥያቄውን የፈቱት በሚያምር ዘዴ ነው። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው፣ በዘሩ፣ ሲአርፒው ዕድሜ ልኩን ከፍ ይላል። ሲአርፒ ራሱ ገዳይ ቢሆን እነዚህ ሰዎች ቀድመው በልብ ይታመሙ ነበር። ከ2008 ጀምሮ የወጡ ትልልቅ የዘር ጥናቶች እንዲህ አይደለም አሉ። ሲአርፒ ጭሱ ነው፣ እሳቱ ከላይ ነው። እሳቱ ጋ የሚደርሰው ሙከራ በ2017 ታተመ፦ ልባቸው ተመትቶ የሚያውቅ፣ ሲአርፒያቸውም ከፍ ያለ 10,061 ሰዎች ካናኪኑማብ የሚባል፣ ከላይ ካሉት የቁጣ መልእክተኞች አንዱን የሚያፍን መርፌ ተሞከረባቸው። ኮሌስትሮሉን አይነካም። በመካከለኛው መጠን የልብና የአንጎል አደጋ በ15 በመቶ ቀነሰ። ቁጣው በራሱ ጥፋተኛ እንደሆነ በሰው ላይ የታየው ያኔ ነው። ዋጋውም ነበረው፤ መርፌውን ከወሰዱት በኢንፌክሽን የሞቱት በርከት አሉ። ሰውነት የሚቆጣው ለምክንያት ነውና፣ ጨርሶ ማስታገስ በር ክፍት ትቶ እንደ መተኛት ነው። ሜቶትሬክሴት የተባለው ርካሽ መድኃኒት ሲሞከር ደግሞ ምንም አላመጣም። ለሪህ የሚሰጠው የጥንቱ ኮልቺሲን በ2020 ጥሩ ውጤት አሳየ፣ በ2024 የወጣ ሌላ ትልቅ ሙከራ ግን ጥቅም አላገኘበትም። «ብግነት አጥፊ» ብሎ በጅምላ ማውራት የማይቻለው ለዚህ ነው፤ የትኛው ቁጣ፣ በየት በኩል ያለው የሚል ጥያቄ አለ።

ወደ ማዕድ እንመለስ። ምግብ ይህን ቁጣ እንዴት ይቀሰቅሳል? አንዱ መንገድ ከላይ ያልኩት ነው፣ ትርፍ ጉልበት ወደ ስብ፣ ስብ ወደ ቁጣ። ሌላው በአንጀት በኩል ነው። የማይፈጨውን የእህል ገለባ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ቡቲሬት የሚባል ንጥረ ነገር ያወጣሉ፤ የአንጀት ግድግዳ የሚመገበው እሱን ነው፣ የቁጣ ሴሎችንም ያረጋጋል። የተፈተገ ነጭ ዱቄት ለእነሱ ምንም አያደርስም። ሦስተኛው ቅባት ነው፤ ይህ ታሪክ የራሱ ፋብሪካ አለው።

በ1911 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው ሳሙና ሠሪ ኩባንያ ክሪስኮ የሚባል ነጭ የረጋ ቅባት ለገበያ አቀረበ። የጥጥ ፍሬ ዘይት ነው፤ ሃይድሮጂን እየተነፋበት እንዲረጋ የተደረገ። ርካሽ፣ ንጹሕ፣ የማይበላሽ። በኋላም ከእንስሳ ቅቤ ይሻላል እየተባለ እንዲህ ዓይነት ቅባት በየቤቱ ገባ። በ1990 ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በዚህ ሂደት የሚፈጠረው ትራንስ ቅባት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ አድርጎ ጥሩውን እንደሚያወርድ አሳዩ። በ2005 ደግሞ በአሜሪካ ነርሶች ላይ የተደረገ ጥናት ትራንስ ቅባት አብዝተው በሚበሉት ዘንድ ሲአርፒ 73 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘው። ዴንማርክ በ2003 በሕግ ገደበችው። ዘጠና ዓመት። አንድ ስህተት ፕሮዳክሽን ላይ ዘጠና ዓመት ሲሠራ።

የኛ አገር ሰው በዚህ መካከል የራሱን ምርመራ ሠርቷል። ከ2011 ገደማ ጀምሮ መንግሥት በድጎማ እያስገባ በሸማቾች ማኅበር ያከፋፈለውን የፓልም ዘይት ሕዝቡ «የሚረጋ ዘይት» ብሎ ጠርቶ ጠረጠረው፤ በአዲስ አበባ ብርድ ጀሪካኑ ውስጥ ሲረጋ እያየ «ሆዳችን ውስጥም እንዲህ ነው የሚረጋው» አለ። እዚህ ላይ ሕዝብ ግማሽ ልክ ነው። ዘይቱ የሚረጋው ከግማሽ በትንሽ የሚያንስ ወይም የሚስተካከል ክፍሉ እንደ ቅቤ ያለ የረጋ ቅባት ስለሆነ ነው፤ መርጋቱ ብቻውን ትራንስ አያደርገውም፣ ሆድ ውስጥም አይረጋም፣ ሰውነት ሙቅ ነው። ከኑግ ወይም ከሱፍ ዘይት ጋር ሲነጻጸር ግን ለደም ሥር የባሰ መሆኑ እውነት ነው። የከፋው ግን፣ እንደኔ፣ አንዱ ዘይት ለሦስት ቀን እየተመላለሰ ሳምቡሳ መጥበሱ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በገዛ ሰውነቱ ያየ ሕዝብ አለ፤ አማርኛ ተናጋሪም ነው። ቤተ እስራኤሎች። በ1984 እና 85 በሱዳን በኩል ሺዎች ወጡ፤ በግንቦት 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰደ። ብዙዎቹ የጎንደር ገጠር ሰዎች ናቸው። የእስራኤል ሐኪሞች አዲስ በገቡት ላይ የስኳር በሽታን ሲፈልጉ የለም በሚባል ደረጃ ዝቅተኛ ሆኖ አገኙት። ዓመታት ሲያልፉ ቁጥሩ ወደ ላይ ተሰቀለ፣ አልፎም ሄደ። እንዲያውም እነዚህ ሰዎች ከሌላው እስራኤላዊ ባነሰ የሰውነት ክብደት፣ ቀጭን እየተባሉ፣ ስኳር ይይዛቸዋል። ጤፍ፣ ዳጉሳና ጥራጥሬ ይበላ የነበረ፣ ውኃ ለመቅዳት ዳገት ይወጣ የነበረ ሰው፣ ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና ለስላሳ መጠጥ መንደሩ ድረስ የሚመጣበት አገር ገባ። ምግብ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ መንገዱም ቀረ፣ ሥራውም ተለወጠ፣ የስደት ጭንቀቱም አለ። ዘሩ ግን አልተለወጠም። በሃያ ዓመት የሰው ዘር አይለወጥም።

ታዲያ በምግብ መመለስ ይቻላል? ትልቁ ሙከራ የስፔን ነው፣ ፕሬዲሜድ ይባላል፦ 7,447 ሰዎች፣ የወይራ ዘይትና ለውዝ መሰል ፍሬዎች የበዙበት የሜዲትራኒያን ምግብ፣ በ2013 የታተመ፣ አደጋን 30 በመቶ ገደማ ቀነሰ የተባለ። ከዚያ በ2017 ጆን ካርላይል የሚባል እንግሊዛዊ የሰመመን ሐኪም ከአምስት ሺህ በላይ የሕክምና ሙከራዎችን በአንድ የስታቲስቲክስ ማጣሪያ አሳለፋቸው። ማጣሪያው የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ሰዎቹ በእርግጥ በዕጣ ተከፍለው ከሆነ የሁለቱ ወገን ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደት እንዲህ መምሰል አለበት፤ ይመስላል ወይ? ፕሬዲሜድ ወንፊቱ ላይ ቀረ። ሲመረመር አንድ ክሊኒክ ሰዎቹን አንድ በአንድ በዕጣ ሳይሆን በጅምላ መድቧል፤ ሌላም ቦታ ባልና ሚስት አንድ ላይ ተመድበዋል። በ2018 ጽሑፉ ተሰርዞ፣ ሒሳቡ እንደገና ተሠርቶ ታተመ። ውጤቱ ብዙም አልተለወጠም፣ የሚነገርበት ድምፅ ግን ዝቅ አለ። አባቴ በዚህ ክፍል በጣም ተደሰተ። «የራሱን ስህተት የሚያርም ይሻላል» አለና ቴሌግራሙን ዘጋው። በዚህ ነው መሰለኝ ክኒኑን ላለማቆም የቆረጠው።

ስለ እርዱ የነገርኩትም ይህን ነው። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ላቦራቶሪ ውስጥ ሴል ላይ ሲፈስ ቁጣን ያበርዳል። በአፍ ሲዋጥ ግን ወደ ደም የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ በ2017 የኬሚስቶች ቡድን ከመቶ ሃያ በላይ ሙከራዎችን ገምግሞ፣ በሚገባ ከተቆጣጠሩት መካከል የተሳካ አላገኘሁም አለ። ሜትፎርሚን ደግሞ የዘር ሐረጉ ከሣር ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ጋሌጋ ከምትባል ተክል ከተገኘ ንጥረ ነገር የተነሣ ዘመድ ነው። በ1957 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በሰው ላይ መዝኖ አቀረበው። እሱም የአያቶች ቅጠል ነበር ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሚዛን ላይ መውጣቱ ነው።

በመጨረሻ ልቤን የሳበው የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት መለኪያ ነው፤ የምግብን ቁጣ በአንድ ቁጥር የሚገልጽ። ከ1950 እስከ 2010 የወጡ 1,943 ጽሑፎችን አንብበው ለ45 የምግብ ዓይነቶችና ንጥረ ነገሮች ክብደት ሰጡ። የምትበሉትን ከዓለም አማካይ ጋር ያነጻጽርና፣ በክብደቱ ያባዛና ይደምራል። ውጤቱ ከዜሮ በላይ ከሆነ ያስቆጣል፣ በታች ከሆነ ያበርዳል። እርድ −0.785 ነው፣ ከሁሉም ጎላ ያለ። የእህል ገለባ −0.663። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም አሉ። የረጋ ቅባት +0.373 ሲሆን ትራንስ ቅባት +0.229 ብቻ ነው። ይህን ሳይ ሳቅሁ። ትራንስ የተሻለ ሆኖ አይደለም፤ በቂ ጥናት ያልተሠራበትን ነገር ወደ ዜሮ የሚጎትት ቀመር ስለሆነ ነው። ማለትም ቁጥሩ የምግቡን ክፋት ብቻ ሳይሆን የተመራማሪውን ትኩረትም ይለካል። የእርዱም እንዲሁ፤ ሳይንሱ ስለ እርድ ብዙ ጻፈ፣ መለኪያውም እርድን ወደደ። እንዲህም ሆኖ መለኪያው ባዶ አይደለም፤ በ2020 ከ210,000 በላይ አሜሪካውያን ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት፣ በተመሳሳይ ዓይነት መለኪያ፣ አመጋገባቸው በጣም ከሚያስቆጣው አንድ አምስተኛ የልብና የደም ሥር በሽታ በ38 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘው። ማየት እንጂ መሞከር አይደለም፣ ግን ብዙ ሰው ነው፣ ብዙ ዓመትም ነው።

አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ቀመሩን በፓይተን ጻፍኩትና የእናቴን የጾም ማዕድ አስገባሁበት። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እርድ የገባበት የድንች አልጫ። ከዜሮ በታች ወጣ፣ ደኅና አድርጎ። ከዚያ ግን እንጀራው ጋ ደርሼ ቆምኩ። ጤፍን ወደ ንጥረ ነገሮቹ መበተን ይቻላል፣ የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሠንጠረዥ አለ። እርሾው ግን? ሦስት ቀን የቦካው? በበርበሬው ውስጥ ያሉት ኮረሪማ፣ በሶብላና ጥቁር አዝሙድስ? ከ45ቱ ውስጥ ለማንኛቸውም መስመር የላቸውም። ዜሮ አድርጎ ይደምራቸዋል። አባቴ ስክሪኑን አይቶ «ዜሮ ማለትና አልተለካም ማለት አንድ ነው እንዴ?» አለኝ። እኔም ኮዱ ውስጥ እነዚያን መስመሮች ከዜሮ ወደ ባዶ ቀየርኳቸው፤ አሁን ፕሮግራሙ እንጀራ ባየ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ያወጣል።